ጥያቄ አለኝ፦ የኦቲዝም ጥናት ምን ላይ ደርሷል?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ኦቲዝም ናቸው፤ ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጠሁት። ለአዲስ አንባቢዎች፦ እኔ የንግግር ቴራፒስት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ኦቲዝም አለበት። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ በቃል ግን አይናገርም። አዲስ ጥናት ሲወጣ እንደ ባለሙያም እንደ እህትም ነው የማነበው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*

ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረን። ነፍሰ ጡር ሳለሁ ትኩሳት ይዞኝ ፓራሲታሞል ወስጃለሁ። ክትባቱንም አንድ ሳላስቀር አስከትቤዋለሁ። አሁን ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ የማነበው ሁሉ እኔኑ የሚከስ ነው። የቱ ነው ልጄን እንዲህ ያደረገው?
— እንቅልፍ ያጣች እናት

እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አንቺ አላደረግሽውም።

እናትን መክሰስ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 የ11 ልጆችን ታሪክ ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ የእናት ነው ሲባል ኖረ። እናቲቱ ፍቅር ስለነፈገችው ልጁ ወደ ውስጡ ሸሸ ተባለ። ልጃቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ የሄዱ እናቶች ተከሳሽ ሆነው ተመለሱ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናቴ ትዝ ትለኛለች፤ ያኔ ቢሆን ኖሮ እሷንም እንዲህ ይሏት ነበር። በ1964 ይህን አስተሳሰብ ፊት ለፊት የተጋፈጠው በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ራሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። ነገሩ ከአንጎል አሠራር የሚነሳ እንጂ ከእናት ፍቅር ማነስ የሚመጣ አይደለም ብሎ ተከራከረ።

ከዚያ መንትዮቹ መጡ። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር እንግሊዝ ውስጥ 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው። ከተለያየ እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን ሁለቱም ኦቲዝም ያለባቸው አንድም ጥንድ አልተገኘም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የምርምሩን አቅጣጫ ግን ቀየረው። በ2019 ደግሞ በአምስት አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ወጣ። ኦቲዝም በአንዱ ሰው ላይ ታይቶ በሌላው ላይ የማይታይበትን ልዩነት 80 በመቶ ያህል የሚያስረዳው ዘረመል ነው አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል። «ከማን ወገን ነው የመጣው?» የሚል ክርክር ይነሳል። እባካችሁ ወደዚያ አትግቡ። አንዳንዱ የጂን ለውጥ በእናትም በአባትም ላይ የለም፤ እንቁላሉ ወይም የዘር ፈሳሹ ሲፈጠር አዲስ የሚከሰት ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ ደግሞ ብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች ተደምረው ነው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚያደርጉት በጣም ትንሽ ነው፤ እኔም አንቺም ብንመረመር አንዳንዶቹ ይገኙብናል። በ2020 የወጣ ትልቅ ጥናት ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 102 ጂኖችን ለይቷል። አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚጀምሩት ልጁ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ፣ አንጎሉ ሲሠራ ነው።

ከዘረመል ውጪ የሚታወቁ ነገሮችም አሉ። የወላጆች ዕድሜ መግፋት፣ ልጁ ጊዜው ሳይደርስ በጣም ቀድሞ መወለዱ፣ በእርግዝና ጊዜ ለሚጥል በሽታ የሚወሰደው ቫልፕሮኤት የተባለው መድኃኒት ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። (ቫልፕሮኤት የምትወስድ ካለች ሐኪሟን ሳታማክር እንዳታቋርጥ። ማቋረጡም አደጋ አለው።)

ክትባቱን በተመለከተ፣ ወሬው የጀመረው በ1998 በ12 ልጆች ላይ ከተጻፈ አንድ ጽሑፍ ነው። ያሳተመው መጽሔት ላንሴት በ2010 ሰረዘው፤ ዋናው ጸሐፊም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ። በ2019 ዴንማርክ ውስጥ 657,461 ልጆችን የተከታተለ ጥናት የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት የወሰዱትንና ያልወሰዱትን አነጻጽሮ በኦቲዝም ረገድ ልዩነት አላገኘም። ግጥምጥሞሹ የሚፈጠረው በዕድሜው ነው። ክትባቱ የሚሰጠው ልጁ አንድ ዓመት ሲሞላው አካባቢ ነው። ወላጅ «ስጠራው አይዞርም፣ በጣቱ አይጠቁምም» ብሎ ማስተዋል የሚጀምረውም ያኔው ነው።

ፓራሲታሞሉስ? በመስከረም 2025 የአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣናት ከኦቲዝም ጋር ካያያዙት ወዲህ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ስዊድን ውስጥ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን የያዘ ጥናት ወጥቶ ነበር። በጥቅሉ ሲታይ መድኃኒቱን በወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ ትንሽ ብልጫ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቀጥለው የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ አወዳደሩ፤ በአንደኛው እርግዝና ወስዳ በሌላኛው ያልወሰደችውን እናት ማለት ነው። ልዩነቱ ጠፋ። ከመጀመሪያውም የታየው ልዩነት የመጣው ከመድኃኒቱ ሳይሆን እናቶቹ ከሚለያዩባቸው ሌሎች ነገሮች ነበር ማለት ነው፤ ከሕመማቸው፣ ከዘረመላቸው። ትኩሳትሽን ማብረድሽ ደግሞ ትክክል ነበር። በእርግዝና ጊዜ ያልታከመ ከፍተኛ ትኩሳት ራሱ ለጽንሱ ጥሩ አይደለም።

ስልኩን ሌሊት ከአልጋሽ አርቂው። ልጅሽ ጠዋት ሲነሳ የሚፈልገው ያረፈች እናት ነው።

*

ወደ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። አሁን ግን የልጅ ልጄ ክፍል ውስጥ ብቻ ሁለት ልጆች አሉ። ምን መጣብን?
— የቀድሞ መምህር

መምህር፣ ቁጥሩ መጨመሩ እውነት ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የ8 ዓመት ልጆችን እየለየ ይቆጥራል። በ2000 ከ150 ልጆች አንዱ ነበር፤ በ2022 ቆጠራ ከ31 አንዱ ሆኗል። ይህን ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

የተቆጠረው ነገር ግን ራሱ ተለውጧል። በ1980 የሐኪሞቹ መመሪያ ኦቲዝም የሚለው በጣም ጥቂት ልጆችን ነበር። በ1994 አስፐርገር የተባለው ገባበት፤ አጥርተው የሚናገሩ፣ በትምህርታቸውም የማይታሙ ልጆች ማለት ነው። በ2013 ሁሉም በአንድ ስም ተጠቃለሉ። ቀድሞ በአእምሮ እድገት ውስንነት ብቻ የተመዘገቡ ብዙ ልጆችም ዛሬ ኦቲዝም እንዳለባቸው ይታወቃል። በ2015 የዴንማርክ ተመራማሪዎች የአገራቸውን መዝገብ መርምረው ከጭማሪው 60 በመቶ ያህሉ የመጣው ከመመሪያውና ከአመዘጋገቡ ለውጥ መሆኑን አሳይተዋል። የቀረውን በተመለከተ ክርክሩ አላለቀም። የወላጆች ዕድሜ መግፋትና ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት በሕይወት መትረፍ የተወሰነ ድርሻ አላቸው።

አሁን እኔ እርስዎን ልጠይቅ። ከእነዚያ ሁሉ ተማሪዎችዎ መካከል ደወል ሲደወል ጆሮውን የሚይዝ አልነበረም? የሁሉንም ሰው የልደት ቀን የሚያውቅ፣ በዕረፍት ሰዓት ግን ብቻውን ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም? የመቀመጫ ቦታው ሲቀየርበት የሚያለቅስ? «ዓይን አፋር» ወይም «እልኸኛ» ተብሎ ያለፈ? ወላጆቹ ጭራሽ ወደ ትምህርት ቤት ያልላኩትን ደግሞ እርስዎም አላዩትም።

ካነር ከጻፈላቸው ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። አድጎ ባንክ ውስጥ ሠርቶ፣ ዓለምን ዞሮ፣ በ2023 በ89 ዓመቱ አርፏል። የትውልድ ከተማው ሰዎች ጠባዩን ያውቁት፣ ይወዱትም ነበር። እነዚህ ሰዎች ከእኛ ጋር ነበሩ፤ ስም ያገኙት አሁን ነው።

*

አንድ ክሊኒክ ስቴም ሴል የሚባል ሕክምና ልጄን ሙሉ በሙሉ እንደሚያድነው ነገረኝ። ዋጋው ያለንን ሁሉ የሚጨርስ ነው። ሉኮቮሪን የሚባል ኪኒንም ወጥቷል ይላሉ። የትኛውን ልሞክር?
— የአንድ ወንድ ልጅ አባት

ለክሊኒኩ እንዳይከፍሉ። ስቴም ሴል ኦቲዝምን ያድናል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ከዚህ የባሱም አሉ፤ ከደም ውስጥ ብረት ነክ ነገሮችን እናጥባለን የሚሉ፣ እንደ በረኪና ያለ ፈሳሽ የሚያጠጡ። በእነዚህ የተጎዱ ልጆች አሉ። በደም እጥበቱ የሞተም ልጅ አለ።

ሉኮቮሪን የፎሊክ አሲድ ዓይነት ነው። አንጎላቸው ፎሌት የተባለው ቫይታሚን በበቂ መጠን የማይደርሰው ልጆች አሉ፤ ለእነሱ ምክንያት ያለው ሕክምና ነው። ለኦቲዝም በጥቅሉ የተሞከረባቸው ጥናቶች ግን ትንንሽ ናቸው። ልጅዎ ይህ ችግር እንዳለበትና እንደሌለበት የነርቭ ሐኪም ይጠይቁ፤ በራስዎ ገዝተው እንዳይጀምሩ።

ተስፋ አስቆራጭ መሆን አልፈልግም፤ ታሪኩን ስለማውቅ ነው የምጠነቀቀው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሴክሬቲን የተባለ ሆርሞን ልጆችን አናገረ ተብሎ ዓለም ተረበሸ። በ1999 60 ልጆች ተመርጠው ግማሾቹ ሆርሞኑን፣ ግማሾቹ ተራ የጨው ውሃ ተወጉ። የሁለቱም ወገን ልጆች ተሻሻሉ። በመካከላቸው ልዩነት አልነበረም። በጣም የሚነካኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላም ከወላጆቹ አብዛኞቹ መድኃኒቱን እንፈልጋለን አሉ። በ2021 ደግሞ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በ290 ልጆችና ወጣቶች ላይ በጥንቃቄ ተሞክሮ በማኅበራዊ ግንኙነታቸው ላይ ለውጥ አላመጣም። ቡሜታናይድ የተባለው መድኃኒትም እንደዚያው በትልቁ ሙከራ ወደቀ።

ልጅ ሁልጊዜ ያድጋል፤ መድኃኒት ባይወስድም ከስድስት ወር በኋላ ያልነበረው ነገር ይታይበታል። ስለዚህ «የኔ ልጅ ተሻለው» የሚል ቪዲዮ ሲያዩ «ያልወሰዱትስ ምን ሆኑ?» ብለው ይጠይቁ። እስካሁን ዋነኛውን የኦቲዝም ምልክት የሚለውጥ መድኃኒት የለም። ሪስፐሪዶንና አሪፒፕራዞል ለከባድ ቁጣና ራስን መጉዳት፣ ሜላቶኒን ለእንቅልፍ ይረዳሉ፤ እነሱም በሐኪም ክትትል ነው። እንቅልፍ ማግኘት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ ተኝቶ ሲያድር ቤቱ በሙሉ ይለወጣል።

*

ልጃችን አምስት ዓመቷ ነው፤ አትናገርም። ቴራፒስቷ በሥዕል ካርድ እንድንጀምር ነገረችን። አያቷ ግን «ሥዕል ካስለመዳችኋት ጭራሽ አትናገርም» ብለው ካርዶቹን ደበቁብን። ማንን እንስማ?
— ባልና ሚስት

ቴራፒስቷን ስሙ። አያትየውንም አትቀየሟቸው፤ ሥጋታቸው ከፍቅር ነው። ሥጋቱ ግን ተጠንቷል። በሥዕል፣ በምልክት ወይም በሚናገር ታብሌት መግባባት የልጅን ንግግር እንደሚያግድ ያሳየ አስተማማኝ ጥናት የለም። ጥናቶቹን ሰብስበው የገመገሙ ባለሙያዎች እንዲያውም አንዳንድ ልጆች ላይ ንግግሩ በመጠኑ ሲጨምር አይተዋል።

የወንድሜን የሥዕል ደብተር ላሳያችሁ። በጣም የሚያገለግለው ገጽ ጠርዙ ተልጦ በፕላስተር ተለጥፏል። የምግብ ገጹ እንዳይመስላችሁ። «በቃ»፣ «ጫጫታ ነው»፣ «ልውጣ» የሚሉት ሦስት ሥዕሎች ያሉበት ነው። እነዚህን ከማግኘቱ በፊት «ልውጣ» የሚለው ክንዱን በመንከስ ነበር። ክንዱ ላይ ጠባሳው አሁንም ይታያል። ካርዶቹን ስትመርጡ «ውሃ»ና «ብስኩት» ላይ አትቁሙ፤ እምቢ የምትልበትን፣ ቅር ያላትን የምትናገርበትን ስጧት።

ሌላም ልጨምር፤ ይህ የምወደው ጥናት ስለሆነ ነው። በ2010 እንግሊዝ ውስጥ 152 ትንንሽ ልጆችን ያቀፈ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ቴራፒስቷ በዋናነት የምትሠራው ከልጁ ጋር ሳይሆን ከወላጁ ጋር ነው። ወላጅና ልጅ ሲጫወቱ በቪዲዮ ይቀረጻሉ፤ ከዚያ ወላጁና ቴራፒስቷ አብረው ያዩታል። የሚፈልጉት ትንንሽ ነገር ነው። ልጅቷ የመኪናውን ጎማ እያሽከረከረች ሳለ ለአፍታ ቀና ብላ አባቷን ታያለች። አባት ግን በዚያች ቅጽበት «ይህ ምንድን ነው? ቀለሙስ?» እያለ ይጠይቃል። አላያትም። ቪዲዮው ሲደገም ያያታል። በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄውን ይተውና ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ቀና ስትል «ይሽከረከራል!» ይላታል። በቃ ይኸው ነው። ሙከራው እንዳበቃ በኦቲዝሙ ምልክት ላይ የታየው ለውጥ ትንሽ ነበር፤ የወላጅና የልጅ ግንኙነት ግን በግልጽ ተሻሻለ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2016፣ ልጆቹ ሲታዩ መጠነኛው ጥቅም እንዳለ ቆይቷል።

ዛሬ ማታ አሥር ደቂቃ ብቻ ሞክሩት። አትጠይቋት። የምታየውን እዩ፤ የምታደርገውን በአንድ ቃል ተናገሩላት፤ ከዚያ ጠብቋት። አያቷም ይሞክሩት፤ እርግጠኛ ነኝ ከሁላችሁም ይበልጣሉ።

*

34 ዓመቴ ነው። ልጄ ሲመረመር የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ሁሉ የኔን ልጅነት ይገልጻሉ። ሰው መሃል ለመቀመጥ ከቤቴ ሳልወጣ የምለውን እለማመዳለሁ። ስመለስ ደክሞኝ እወድቃለሁ። ለባሌ ስነግረው «አንቺማ ደህና ነሽ» አለኝ። ሴቶችም አለባቸው እንዴ?
— ዘግይታ የጠየቀች

አለባቸው እህቴ። ለብዙ ዘመን የወንዶች ነገር ተደርጎ ቆየ፤ አራት ወንድ ለአንድ ሴት ይባል ነበር። በ2017 ጥናቶቹ ሲሰበሰቡና ሲመረመሩ ወደ ሦስት ለአንድ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ልጃገረዶቹ ሳይመረመሩ እየታለፉ ነው ማለት ነው። አሁን በስፋት ከሚጠኑት ነገሮች አንዱ አንቺ የገለጽሽው ነው፤ ራስን መሸፈን። የሰውን ፊት መቅዳት፣ ንግግር መሸምደድ፣ የእጅን እንቅስቃሴ አፍኖ መያዝ። ከውጭ የሚያይ «ደህና ናት» ይላል። ዋጋው ድካም፣ ጭንቀትና ድባቴ ነው፤ ጥናቶቹም ይህንኑ ያሳያሉ።

የሚያሳዝነው፣ ግሩኒያ ሱካሬቫ የምትባል የሶቪየት ሐኪም ከካነር ቀድማ በ1920ዎቹ እንዲህ ያሉ ልጆችን ገልጻ ነበር፤ ሴቶችንም ጭምር። ዓለም ለብዙ አስርት ዓመታት አላነበባትም።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ድሮ «ኦቲዝም ያለበት ሰው የሌላውን ስሜት አይረዳም» ተብሎ ይደመደም ነበር። ራሱ ኦቲዝም ያለበት ዴሚየን ሚልተን የተባለ ምሁር በ2012 «አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን ነው፤ እናንተም እኛን አትረዱንም» አለ። ይህን ለመፈተን በ2020 ተመራማሪዎች ሰዎችን በተርታ አድርገው ታሪክ እየተቀባበሉ እንዲያስተላልፉ አደረጉ። ኦቲዝም ያለባቸው እርስ በርስ ሲቀባበሉ ከሌሎቹ እኩል አስተላለፉ፤ ታሪኩ የተበላሸው ድብልቁ ቡድን ውስጥ ነበር። በ2025 በ311 ሰዎች ሲደገም ደግሞ ድብልቁም እኩል አስተላለፈ። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ ያማረውን ውጤት ደግሞ መፈተን አለበት። በሁለቱም ዙር ግን ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች መግባባት አያቅታቸውም።

አዋቂዎችን የሚያይ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ፈልጊ። ስትሄጂ ልጅነትሽን የሚያስታውስ ሰው ይዘሽ ሂጂ ወይም ያስታወስሽውን ጽፈሽ ያዢ። ባልሽንም ይህን ገጽ አስነብቢው።

*

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ኦቲዝምን በደም ወይም በአንጎል ምስል መለየት የሚቻልበት ጊዜ ቀርቧል?
— ባዮሎጂ የሚያጠና

ለብቻው በቂ የሆነ የደም ወይም የምስል ምርመራ የለም፤ አሉ የሚሉህን አትመን። የቀረበው የዓይን ክትትል ነው። በ2013 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኋላ ላይ ኦቲዝም የተገኘባቸው ሕፃናት ከሁለት ወር ዕድሜያቸው ጀምሮ የሰውን ዓይን የሚያዩበት ጊዜ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳዩ። በ2022 በዚህ ላይ የተመሠረተ መሣሪያ በአሜሪካ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ተፈቅዷል፤ ለባለሙያ አጋዥ ሆኖ እንጂ በራሱ እንዲወስን አይደለም።

አንተ ልትከታተለው የሚገባው ሌላ ነው። በ2025 የወጣ ጥናት 5,392 ልጆችን በባሕርያቸው በአራት ምድብ ከፈለ። ከዚያ ጂናቸው ሲታይ ምድቦቹ ተለያዩ። በብዙ ነገር በጣም የሚቸገሩት ላይ አዲስ የተከሰቱ ጎጂ ለውጦች በዙ። የንግግርና የእድገት መዘግየት የሌለባቸው፣ በጭንቀትና በትኩረት ማጣት የሚቸገሩት ላይ ደግሞ የተነኩት ጂኖች ከልደት በኋላ የሚሠሩ ሆኑ። እነዚህ ልጆች ዘግይተው የሚመረመሩ ናቸው። ስለዚህ አንድ ምክንያት መፈለጉ እየቀረ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። እንደ ወንድሜ ያሉ ሰዎች በጥናቶቹ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። በ2016 በኦቲዝም መጽሔቶች የወጡ ጥናቶች ሲገመገሙ ከተሳታፊዎቹ 94 በመቶዎቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት የሌለባቸው ነበሩ። መጠይቅ መሙላት፣ ማሽን ውስጥ ሳይንቀሳቀስ መተኛት የሚችል ሰው ይጠናል። የማይችለው ይቀራል። ወደዚህ ሙያ ከገባህ እነዚህን አትተዋቸው።

*

ወንድሜ 40 ዓመት ሊሞላው ነው፤ አይናገርም። እናታችን አርጅታለች። ስለ ልጆች ብዙ ይጻፋል። ስለ እሱ ዓይነቱስ?
— ታላቅ እህት

እህቴ፣ ደብዳቤሽ የራሴ ነው የመሰለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ስለ አዋቂዎች የተጠናው በጣም ጥቂት ነው። ካሉት ውስጥ በ2016 ስዊድን ውስጥ የተሠራው ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች በአማካይ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ላይ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ የሚጥል በሽታ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ራስን ማጥፋት ጎልቶ ታይቷል። ይህን የምጽፈው ላስፈራሽ አይደለም። ብዙው ክትትል ቢኖር ሊቀንስ የሚችል ስለሆነ ነው።

የማይናገር ሰው ሕመሙ በጠባዩ ይወጣል። የኔው ወንድም በአንድ ወቅት አገጩን በጡጫ መምታት ጀመረ። «ኦቲዝሙ ባሰበት» ተብሎ የሚያረጋጋ መድኃኒት ታዘዘለት። መንጋጋው ሲታይ ጥርሱ በስብሶ ነበር። ጥርሱ ተነቀለ፤ ድብደባውም ቆመ። ስለዚህ የወንድምሽ ጠባይ በድንገት ሲቀየር መጀመሪያ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን አስመርምሪ። ድርቀትን አትናቂው፤ በእነሱ ዘንድ ብዙ ጊዜ ይታያል። በዓመት አንዴም ሳይታመም ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

ከእናታችሁ ጋር ደግሞ አሁን፣ አቅሙ እያላት፣ ተቀምጣችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ሲያመው ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ድምፅ እንደሚያስፈራው፣ እንዴት እንደሚተኛ፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ «አዎ» እና «አይ» የሚልበትን መንገድ። አንዱን ቅጂ አንቺ ያዢ፣ አንዱን ሐኪሙ ፋይል ውስጥ አስገቢ፣ አንዱን አንቺ በሌለሽ ጊዜ አብሮት የሚሆን ሰው ይያዘው።